ነፋሱ ትክክል ሆኖ አጋዘኑ ለምን ይሸሻል? ከመኪናው እስከ ማማው ያለውን መንገድ ስለ መምረጥ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የማድነው ቨርጂኒያ ውስጥ ሉሬይ አካባቢ፣ ከማሳኑተን ጋራ ምሥራቃዊ ተዳፋት ሥር ባለ የአንድ ገበሬ መሬት ላይ ነው። ፈቃድ አለኝ፤ መሣሪያዬ ክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው ቀስት) ነው። ማማዬ የተዳፋቱ ወገብ ላይ ነው። ከሥሩ የአኩሪ አተር ማሳ አለ፤ አጋዘኖቹ ሌሊቱን እዚያ ሲበሉ አድረው ሲነጋ ከማማዬ በስተ ሰሜን 25 ሜትር ያህል ርቆ በሚያልፈው መንገዳቸው ወደ ላይ ወጥተው ይተኛሉ። በስተ ደቡብ ደግሞ ትንሽ ጅረት ያለበት ጥልቅ ሰርጥ አለ፤ ወርዶ ወርዶ የእርሻው በር አጠገብ ይወጣል። የምሄደው ትንበያው ሰሜን ወይም ሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲል ብቻ ነው። ከበሩ ተነሥቼ በጨለማ የማሳውን ዳር ይዤ እሄድና ቀጥ ብዬ እወጣለሁ። ግን ገና በመንገድ ላይ ሳለሁ ከማሳው ፉር እያሉ ይሸሻሉ። ያመለጡኝን ትቼ የቀሩትን ስጠብቅ ደግሞ ጠዋት 9 ሰዓት ገደማ ከበላዬ ሆነው ፉር ይላሉ። ነፋሱ ትክክል ሆኖ ይህ ለምን ይሆናል? ጠረን የሚያጠፋ ስፕሬይና ጠረን ይይዛል የሚባለውን የካርቦን ልብስ ልግዛ ወይስ ማማውን ላንሣ? ይምከሩኝ።» (ከዚህ በታችም ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ገንዘብህን ያዝ። ስፕሬዩም ልብሱም የጻፍከውን ችግር አይፈቱትም። ማማህ ፈቀቅ ማለቱ አይቀርም፤ ዋናው ጥፋት ግን እሱ ጋ አይደለም። ነፋሱን የመረጥከው ለምትቀመጥበት ሰዓት ብቻ ነው። አጋዘን ግን ጠረንህን የሚቀበለው ከመኪናህ ከወረድክበት ደቂቃ አንሥቶ ተመልሰህ እስክትገባ ድረስ ነው። ለመቀመጫው ተስማምቶ ለመንገዱ የማይስማማ ነፋስ ካለ በዚያ ቀን እዚያ ማማ ላይ አትውጣ። ይህን እንደ ሕግ ያዘው።

መጀመሪያ ትንበያውን እንየው። «ሰሜን ምዕራብ» ሲል ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል ማለት ነው፤ ጠረንህ የሚሄደው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ይህን እንደምታውቅ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። ሆኖም በአንዳንድ የስልክ መተግበሪያ ላይ ጽሑፉ ነፋሱ የመጣበትን ሲናገር ቀስቱ የሚሄድበትን ስለሚያሳይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ጊዜ አረጋግጥ። ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። ትንበያው የሚነግርህ ገላጣ መሬት ላይ 10 ሜትር ከፍታ ያለውን ነፋስ ነው። አንተ ያለኸው ጫካ ውስጥ፣ ጋራ ሥር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ለቆ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ከላዩ ካለው ሞቅ ያለ አየር ጋር አይደባለቅም። ያን ጊዜ ከዛፎቹ በላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ አንተ እግር ሥር ላይደርስ ይችላል። ትንበያው በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በታች ሲል ደግሞ አቅጣጫውን ከናካቴው እርሳው፤ የዚያን ቀን ነፋሱን የሚያዘው ጋራው ነው።

ያ የከበደ አየር ባለበት አይቆምም፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ከተዳፋቱ ወደ ቦረቦሩ፣ ከቦረቦሩ ወደ ሰርጡ፣ ከሰርጡ ወደ ሜዳው ይወርድና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል። ይህንንና ቀን ላይ መሬት ሲሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን አየር የአሜሪካ አዳኞች በአንድ ላይ ተርማል ይሉታል። አሁን መንገድህን በዚህ ዓይን ተመልከተው። ማሳው ከጋራው በታች በስተ ምሥራቅ ነው። አንተ የምትሄደው በጋራውና በማሳው መካከል፣ ጠርዙን ይዘህ ነው። ከጋራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በላይህ ያልፍና ማሳው ላይ ይዘረጋል፤ አጋዘኖቹ በዚያ ሰዓት ያሉት እዚያው ማሳው ላይ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብለህ ስትወጣም ያው ነው፤ የወጣህበት ጠረን ሁሉ ተመልሶ ወደ እነሱ ይወርዳል። ትንበያው ምንም ቢል ጎህ ሳይቀድ በዚያ በኩል ሳይታወቁ ማለፍ አይቻልም።

የ9 ሰዓቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ፀሐይ ናት። በኦክቶበር መጨረሻ ሉሬይ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 7፡30 ገደማ ነው፤ ግን በስተ ምሥራቅ ብሉ ሪጅ የሚባለው ሌላ ጋራ ስላለ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የማሳኑተን አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሥር ይወርዳል። ብርሃን ያገኘው አናት ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ማለት ሲጀምር ጥላ ውስጥ ያለው ሥሩ ገና ወደ ታች ያፈሳል። ስለዚህ አንድ ተዳፋት ላይ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነፋስ ይኖራል፤ ወገቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠረኑ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይዞርበታል። ብርሃኑ ማማህን አልፎ ሲወርድ ደግሞ ፍሰቱ ለይቶለት ወደ ላይ ይሆናል። ምሥራቅ የሚያይ ተዳፋት ከሁሉ ቀድሞ ስለሚሞቅ ይህ የሚሆነው ፀሐይ ከወጣች በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ነው። አንተ ያልከው 9 ሰዓት እዚህ ላይ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ አጋዘኖቹ ወይ ከበላይህ ተኝተዋል፣ ወይ መተኛቸውን እየመረጡ ነው።

ሌላው ምክንያት ራሱ የመረጥከው ነፋስ ነው። ማሳኑተን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ሸንተረር ስለሆነ ሰሜን ምዕራብ ነፋስ ቀጥ ብሎ ያቋርጠዋል፤ አንተ ያለኸው ከነፋሱ በተከለለው ጎን ነው። ነፋስ አናቱን ዘሎ ሲያልፍ ከለላው ውስጥ ያለው አየር ይገለበጣል፤ ከላይ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ መሬቱ አጠገብ ያለው ወደ ጋራው ይመለሳል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ግልበጣውም ይበረታል። ይህ ነፋስ ቀዝቃዛው ግንባር (ሞቃቱን አየር እየገፋ የሚመጣው የቀዝቃዛ አየር ፊት) ካለፈ በኋላ የሚመጣ ስለሆነና አጋዘንም ያን ጊዜ ደህና አድርጎ ስለሚንቀሳቀስ አዳኝ ሁሉ ይወደዋል፤ ለአንተ ቦታ ግን የሚበጀው ሸንተረሩን ተከትሎ የሚነፍሰው ሰሜን ምሥራቁ ነው። እሱ ጠረንህን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ሰርጡ በኩል ይወስድልሃል። ቀጥታ ሰሜን ከሆነም፣ ከበድ ያለ ደመና ካለና ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ይሠራል። ደመና ሲኖር ሌሊቱ ብዙ አይቀዘቅዝም፣ ቀኑም ተዳፋቱን አያሞቀውም፤ ተርማሉ ስለሚደክም ትንበያው ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ወንዶች በተከለለው ጎን፣ ከአናቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ወረድ ብለው መተኛት የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ከጀርባቸው በሸንተረሩ ላይ የሚመጣው ነፋስ ከኋላ ያለውን ይነግራቸዋል፤ ከሥር የሚወጣው ሞቃት አየር የታችኛውን ይነግራቸዋል፤ ዓይናቸው ደግሞ ቁልቁሉን ይጠብቃል። ወደዚያ መውጣት ለአንተ ዛሬ አያስፈልግህም፤ ግን ከሥር የምትለቀው ጠረን ረፋዱ ላይ ማን ጋ እንደሚደርስ እወቅ።

የሸሹት በምን እንደሆነ ከአኳኋናቸው መለየት ይቻላል፤ ይህን ሳታውቅ የምታደርገው ማስተካከያ ሁሉ ግምት ነው። አጋዘን በዓይኑ ከጠረጠረህ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በፊት ሰኮናው መሬት ይመታል፣ ደጋግሞ ያፈጥጥብሃል፤ ያረጋግጥ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ይሰጥሃል። በአየር የመጣ ጠረን ከያዘ ግን ማረጋገጥ አይፈልግም፤ አፍንጫውን አንሥቶ ወዲያው ፉር ይልና ነጭ ጅራቱን አቁሞ ይፈተለካል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ በሰላም ሲሄድ የነበረው እንስሳ በድንገት ይቆማል፤ አንገቱን ዘርግቶ አንተ ያለፍክበትን ሣር በአፍንጫው ዳር ዳሩን ይዳስሳል፤ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆያል፤ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ በመጣበት ይመለሳል። ይህ ዱካህ ነው። እግርህ ወይም ሱሪህ የነካው ቅጠል ላይ የቀረ ጠረን በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ለሰዓታት ይቆያል። አንተ የጻፍካቸው ሁለቱም ፉር ማለቶች በአየር የመጡ ናቸው፤ ግን በማሳው ዳር ስትሄድ ዱካህን በመንገዳቸው ላይ ጥለህ ካለፍክ ያየኸው ብቻ ሳይሆን ያላየኸው አጋዘንም ተመልሷል ማለት ነው።

ከእንግዲህ ነፋሱን በስልክ ሳይሆን በዓይንህ እይ። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዱቄት እፍ ብሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ሽታ የሌለው ታልክ ከሆነ አይከፋም፤ ግን ዱቄቱ ሦስት አራት ሜትር ሄዶ ይጠፋል። የሚነግርህ አጠገብህ ያለውን ብቻ ነው። የሚበልጠው ሚልክዊድ የሚባለው ተክል ነው፤ በአገራችን ቆላ የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው የዚህ ዘመድ ነው። ፍሬው ውስጥ እንደ ሐር የለሰለሰ ጥጥ አለ። በቨርጂኒያ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር በየመንገዱና በየማሳው ዳር ይገኛል። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ገና ሳይፈነዳ ልቀመው፤ ሦስት አራቱ ለዓመት ይበቃሃል። ጥጡን ከነዘሩ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርግና ክዳኑን በጠባቡ ብሳው። አንዲት ክር ስትስብ ዘሩን ቆንጥረህ ጣልና ጥጡን ብቻ ልቀቀው፤ ዘሩ ካለ ይከብድና ቶሎ ይወድቃል። 50፣ አንዳንዴ 100 ሜትር ድረስ በዓይንህ ትከተለዋለህ። የት ላይ እንደሚወርድ፣ የት እንደሚዞር፣ የት ላይ ሽቅብ እንደሚመለስ እይ። ማማው ላይ ስድስት ሜትር ከፍ ብለህ ስትሆን ጠረንህ ከአጋዘኑ በላይ ያልፋል የሚለውን ወሬ ጥጡ ራሱ ያፈርስልሃል፤ በብርድ ጠዋት ከማማው ሥር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ታየዋለህ።

ይህን ሙከራ በአደኑ ወቅት እየተመላለስክ ብታደርገው ቦታውን ታበላሸዋለህ። የሚሻለው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። የኦክቶበር መጨረሻና የፌብሩዋሪ አጋማሽ ከዲሴምበሩ አጭር ቀን እኩል የራቁ ስለሆኑ የፀሐይዋ ከፍታና ብርሃኑ ተዳፋቱ ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ ይመሳሰላል። ቅጠሉ መርገፉ ልዩነት ያመጣል፤ ጫካው ሲራቆት ነፋሱ ትንሽ ይበልጥ ይገባል፤ የሰርጡና የተዳፋቱ ፍሰት ግን ያው ነው። ጥርት ያለ ቀን ምረጥ፤ ከንጋት በፊት ግባ፤ በየ15 ደቂቃው ጥጥ ልቀቅ። ሰዓቱን፣ ሰማዩን፣ ትንበያው ያለውንና ጥጡ የሄደበትን በደብተር ጻፍ። በደመናማ ቀን አንዴ፣ ከሰዓት በኋላም አንዴ ድገመው። በረዶ ካለ የአጋዘኖቹን መንገድም አብረህ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ መንገዱ። አንተ እንደ ዘበት የጠቀስከው ያ ሰርጥ የቦታህ ዋና ሀብት ነው። ቀዝቃዛ አየር ሰርጥ ውስጥ ሲወርድ በሁለቱም በኩል ያለው ግድግዳ ይይዘዋል፤ አንተም ውስጡ ሆነህ ስትወጣ ጠረንህ ወደ ኋላህ፣ ወደ በሩና ወደ አስፋልቱ ይወርዳል እንጂ ወደ ማሳው አይዘረጋም። የጅረቱ ድምፅ የእግርህን ኮቴ ይሸፍናል። ውሃው ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ከሆነ በጎማ ቦት ጫማ ውሃው ውስጥ እየረገጥክ ሂድ፤ ዱካህ ላይ ጠረን አይቀርም ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ ፈትን፦ የሰርጡ አፍ። ማሳው ከበሩ ይልቅ ዝቅ ያለ ከሆነ ከሰርጡ የወጣው አየር ታጥፎ ማሳው ላይ ሊተኛ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ አጠገብ ቆመህ ጥጥ ልቀቅ። ወደ አስፋልቱ ከሄደ እሰየው። ወደ ማሳው ከታጠፈ መኪናህን ከበሩ ራቅ አድርገህ ወደ ደቡብ አቁምና ሰርጡን ከአፉ ሳይሆን ከጎኑ ጥቂት ከፍ ብለህ ግባበት።

ሰርጡ ውስጥ የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ እንደሚኖር አያጠራጥርም። ገበሬውን አስፈቅደህ በኦገስት አንድ ቀን በእጅ መጋዝና በመቀስ አጽዳው፤ በወገብህና በትከሻህ ልክ ያለውን ሁሉ አንሣ፤ ልብስህ የሚነካው ቅጠል አይኑር። ከሰርጡ የምትወጣበትን ቦታ ምልክት አድርግና ከዚያ እስከ ማማው ያለውን ቅጠል በሬክ ጥረገው። (ይህ ለግል መሬት ነው። ከላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ከገባህ ዛፍ መቁረጥ የለም፤ ማማውም ተነቃይ መሆን አለበት፤ የደኑንም ፈቃድ ትይዛለህ።) ስትሄድ ሱሪህን ቦት ጫማው ውስጥ ክተት፤ ጓንት አድርግ፤ ቅርንጫፍ በባዶ እጅህ አትግፋ። የአጋዘኖቹን መንገድ በምንም ምክንያት አታቋርጥ። አዲሱ መንገድህ ከደቡብ ስለሚያደርስህ ማቋረጥም አያስፈልግህም።

ላብን ከነፋሱ ባልተናነሰ አስብበት። እየቸኮልክ ወጥተህ በላብ ርሰህ የምትቀመጥ ከሆነ ጠረንህ ሲበዛ ብርዱም ከማማው ቀድሞ ያወርድሃል። አሁን 20 ደቂቃ የሚፈጅብህን መንገድ 45 ደቂቃ ስጠው። ከመኪናው ስትነሣ በስሱ ልበስና ትንሽ ብርድ ይሰማህ፤ ወፍራሙን ጃኬት ጠቅልለህ ተሸከመው። ከሰርጡ ከመውጣትህ በፊት አምስት ደቂቃ ቁም፤ ትንፋሽህ ይረፍ፤ ከዚያ ልበስ። በቨርጂኒያ አደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ፣ ከዚያም 30 ደቂቃ ቀደም ብለህ ማማው ላይ ተረጋግተህ ለመገኘት ሰዓትህን ወደ ኋላ ቁጠር። የደህንነት ቀበቶህን ከመሬት ሳትነሣ ታጠቅ፤ ክሮስቦውን ባዶውን በገመድ ሳበው እንጂ ይዘህ አትውጣ። የጠመንጃ ወቅት ከገባም ብርቱካንማውን በመንገድም ላይ ልበስ፤ አጋዘን ቀለሙን እንደኛ አያየውም፣ ሌላው አዳኝ ግን ያየዋል።

ማማውን በተመለከተ፣ አሁን ያለበት ወገብ ሁለቱ ነፋሶች የሚጋጩበት ነው። አጋዘን ጥልቅ ሰርጥ ሲያጋጥመው ወርዶ ከማቋረጥ ይልቅ አናቱን ዞሮ ማለፍ ይመርጣል። የአንተ ሰርጥ ወደ ላይ ሲሄድ የሚያልቅበትን ቦታ በከፍታ መስመር ካርታ ላይ ፈልግ፤ መስመሮቹ ጥብቅ ብለው ወደ ጋራው የሚታጠፉበት ጫፍ ነው። በፌብሩዋሪው ጉዞህ ወደዚያ የሚያመራ መንገድ ካገኘህ ማማውን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ አድርገህ፣ ሰርጡ ከንፈር ላይ፣ መንገዱ ከ25 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ እንዲሆን ስቀለው። ጎህ ሲቀድ ጠረንህ ከማማው በቀጥታ ሰርጡ ውስጥ ይወድቅና በመጣህበት ይወርዳል። ሰርጥ ጥላ ስለሆነ ከተዳፋቱ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ቁልቁል የሚፈሰው አየር እዚያ ይቆይልሃል። ለዘላለም ግን አይደለም። በየ15 ደቂቃው ጥጥ ልቀቅ፤ ጥጡ መንሳፈፍና መዞር ሲጀምር አስጠንቅቆሃል፤ ለይቶለት ሽቅብ ሲሄድ አጋዘን ይምጣ አይምጣ ብለህ አትጠብቅ፤ ውረድና በሰርጡ ተመለስ። ከዚያ በኋላ የምትቀመጥበት እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ለሚቀጥለው ሳምንት ቦታውን ያሳጣሃል። አንዲት አሮጊት እንስት ፉር እያለች ጫካውን ካስጠነቀቀች ማማውን ቢያንስ ለሳምንት ተወው።

ስለ ስፕሬዩና ልብሱ በሐቀኝነት ልንገርህ። ሰው መተንፈሱን፣ ቆዳውም ጠረን ማውጣቱን አያቆምም፤ ከነፋስ በታች ያለ አጋዘን ያገኝሃል። ንጽሕና የሚጠቅመው ነፋሱ ለአፍታ ሲሳሳት የሚደርሰውን ጠረን ለማሳነስና ዱካህን ለማቅለል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሽታ በሌለው ሳሙና ወይም በቤኪንግ ሶዳ እጠብ፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሽታ ያለው ወረቀት አትጨምር፤ ውጭ አስጥተህ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አኑረው። የእኛ ቤት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጤስ፣ ቁሌት ሲቁላላ ጭሱ በጨርቅ ውስጥ ይገባና ለቀናት ይቀመጣል። የአደን ልብስህን ሳሎን አጠገብ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሰቀልከው ማጠቡ ዋጋ የለውም። ሣጥኑ ጋራዥ ወይም የመኪናው ኋላ ይሁን፤ ልብሱን እዚያው በሩ አጠገብ ቀይር፤ ቦት ጫማውንም እዚያው አጥልቅ። አብሽ በብዛት የበላ ሰው ላቡ ጣፋጭ ሽታ ያመጣል፤ ከዋዜማው ብትተወው ጉዳት የለውም፤ ዋናው ጉዳይ እንዳይመስልህ እንጂ። ቤንዚን ግን በዋዜማው ቅዳ፤ በማለዳ ማደያ ውስጥ የረገጥክበትን ጫማ ይዘህ ጫካ አትግባ።

የአጋዘን ሽንት የሚባለውን ማታለያም ሰዎች ይመክሩህ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2015 ጁላይ 1 ጀምሮ ከተፈጥሮ የአጋዘን ሽንት ወይም ፈሳሽ የተሠራውን ለአደን መያዝም መጠቀምም ክልክል ነው፤ አጋዘኖችን ቀስ በቀስ የሚገድለው የአንጎል በሽታ በዚህ ይዛመታል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። ሰው ሠራሹ ይፈቀዳል፤ ያንተን ጠረን ግን አይሸፍንም።

አሁን የእኔን ፍርድ ከጠየቅከኝ ይህ ቦታ ከጠዋት ይልቅ የማታ ቦታ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ተዳፋት ጠዋት ቶሎ እንደሚሞቀው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይጠላል፤ ፀሐይ ከጋራው ጀርባ ስትገባ ሜዳው ገና ብርሃን ሳለ የአንተ ጎን ይቀዘቅዛል። አየሩ ፀሐይ ከመጥለቋ ብዙ ቀድሞ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምርና እስኪጨልም አይቀየርም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገለባበጠው ነፋስ ማታ የሚታመን ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ማማ ከሰርጡ የታችኛው ከንፈር ላይ፣ በማሳው ደቡባዊ ጥግ አቅራቢያ ስቀል። ከአጋዘኖቹ ብዙዎቹ ሲመሽ ከላይ ወርደው ወደ ማሳው የሚገቡት ከአንተ በስተ ሰሜን ነው፤ ጠረንህ ደግሞ በስተ ደቡብ ሰርጡ ውስጥ ይወርዳል። አየሩ ገና ሽቅብ በሚሄድበት ሰዓት ብትገባም ከሥር ስለሆንክና መንገዱ አጭር ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን ጥላው ማማው ላይ ሳይደርስ ተቀምጠህ ጨርስ።

ሲጨልም የሚመጣውን ነገር አብዛኛው አዳኝ አስቀድሞ አያስብበትም፦ አጋዘኖቹ ማሳው ላይ ናቸው፣ አንተ ደግሞ መውረድ አለብህ። በዓይናቸው ፊት ከማማው ወርደህ በማሳው ዳር ወደ በሩ ከሄድክ በአንድ ምሽት ቦታውን ታስተምራቸዋለህ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ከጨለመ በኋላ ብቻ ይሆናል። ባለ ቀይ ብርሃን መብራትህን ወደ መሬት አድርገህ በሰርጡ በኩል በዝግታ ውረድ። ማሳው በጣም ቀርቦ ሳይሰሙህ መውረድ የማይቻል ከሆነ ከገበሬው ጋር ተነጋገር፤ አጋዘኖቹ በየቀኑ የሚያዩትን ፒክአፑን ወይም ትራክተሩን ይዞ በማሳው ዳር ይለፍልህ። እነሱ ወደ ጫካው ፈቀቅ ይላሉ እንጂ አይደነግጡም፤ አንተም ያኔ ወርደህ መኪናው ላይ ትሳፈራለህ፤ የማማውን ምስጢር አያውቁም።